ሰው እጅ የገባ የነብር ደቦል ተመልሶ የዱር ነብር ሊሆን ይችላልን?

ጫካ ዳር (ክሩን የከፈተው)፦

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ የምሠራው ከአንድ ጥብቅ ደን ጋር በሚዋሰን ወረዳ ውስጥ በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት ነው። ሰሞኑን እረኞች ከገደል ሥር ካለ የድንጋይ ጎሬ ውስጥ አንድ የነብር ደቦል አግኝተው ወደ መንደር አምጥተዋል። እናቲቱ ፍየል በመውሰዷ በመርዝ ተገድላለች ይባላል። ደቦሉን አንድ ገበሬ ተቀብሎ በላም ወተት እያሳደገው ሲሆን፣ አሁን ከልጆቹ ጋር የሚጫወት፣ ከምድጃ ዳር የሚተኛ ሆኗል። ወረዳችን ለሚመለከተው ክፍል በደብዳቤ አሳውቆ ምላሽ እየጠበቀ ነው።

ገበሬው ደግ ሰው ነው፤ ሸጦ ለማትረፍ አላሰበም። ደቦሉ ጠንክሮ ማደን እስኪችል አሳድጎ ወደ ደኑ ሊመልሰው ይፈልጋል። የመንደሩ ሰውም "አደን በደሙ ያለ ነው፤ ማን ያስተምረው ብለህ ነው" እያለ ያበረታታዋል። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ነገር በሌላ አገር ተሞክሮ ያውቃልን? ከተሞከረስ በምን ሁኔታ ተሳካ? ለደብዳቤው መልስ እስኪመጣስ ደቦሉን እንዴት እንያዘው?

የከብት ሐኪሙ፦

መልስ እስኪመጣ ምን እናድርግ ካሉት ልጀምር፤ እሱ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለምና። የላም ወተት ለነብር ደቦል ቀጭን ነው። የነብር ወተት በፕሮቲንም ሆነ በስብ ከላም ወተት እጅግ የጠነከረ ስለሆነ፣ በላም ወተት ብቻ የሚያድግ ደቦል ሆዱ ሞልቶ እያለ ይቀጭጫል፤ ብዙውን ጊዜም ተቅማጥ ይይዘዋል። በከተማ ለድመት ግልገሎች የሚሸጠው የዱቄት ወተት ከተገኘ የተሻለ ነው። ደቦሉ ሁለት ወር ከደረሰ ግን ሥጋ መጀመር አለበት፤ እዚህ ላይ አሳቢ ቤተሰብ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ለእንግዳ እንደሚደረገው አጥንቱን አውጥተው ንጹሑን ቀይ ሥጋ ይሰጡታል። ቀይ ሥጋ ብቻውን ፎስፈረስ የበዛበት፣ ካልሲየም ከሞላ ጎደል የሌለበት ምግብ ስለሆነ፣ የደቦሉ አካል የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ላይ መሳብ ይጀምራል፤ ውሎ አድሮ እግሮቹ ይጣመማሉ፣ ከመደብ ላይ ቢዘል እንኳ ሊሰበር ይችላል። እግሩ የተጣመመ ነብር ያደነውን ተሸክሞ ዛፍ ላይ ሊወጣ ስለማይችል ስለ ዱር ኑሮ የምናወራው ሁሉ እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ዶሮም ይሁን ጥንቸል ከነአጥንቱ፣ ከነሆድ ዕቃው፣ ቢቻል ከነላባው ወይም ከነጠጉሩ ይሰጠው።

ከመንደሩ ውሾችና ድመቶችም ፈጽሞ ይለይ። ከውሾች ዲስቴምፐር የሚባለውን በሽታና የእብድ ውሻ በሽታን፣ ከድመቶች ደግሞ ደቦሎችን በአጭር ጊዜ የሚጨርሰውን የአንጀት በሽታ ሊይዝ ይችላል። ከልጆቹም መለየት አለበት፤ ይህን የምለው ለልጆቹም ለእሱም ብዬ ነው። የሚመግበው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እሱም ሳያነጋግረው፣ ሳይዳስሰው አስቀምጦለት ይውጣ።

ጫካ ዳር፦

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወተቱን ዛሬውኑ አስቀይራለሁ። ከልጆቹ መለየቱ ግን ሳይከብድ አይቀርም፤ ስም አውጥተውለት፣ ሲጠሩት ይመጣል። አንድ ልጨምር፦ እናቲቱ ሞታለች ቢባልም ሬሳዋን አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አላገኘሁም። መርዝ የተቀባ ሥጋ መቀመጡን ብቻ ነው የሚናገሩት።

ዱካ ፈላጊ፦

እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ሬሳ ካልታየ እናቲቱ ሞታለች ብሎ መነሳት ተገቢ አይመስለኝም። የነብር እናት ደቦሎቿን በጎሬ ወይም በጥሻ ውስጥ ደብቃ ለአደን ስትወጣ አንድ ቀንም ከዚያም በላይ ልትቆይ ትችላለች፤ በየጊዜውም ከጎሬ ወደ ጎሬ ታዛውራቸዋለች። እረኛ ያገኘው "የተጣለ" ደቦል አብዛኛውን ጊዜ እናቱን የሚጠብቅ ደቦል ነው።

በህንድ የማሃራሽትራ ግዛት ነብሮች በሸንኮራ አገዳ እርሻ ውስጥ ይወልዳሉ፤ አጨዳው ሲደርስ ሠራተኞች ደቦሎቹን ያገኟቸዋል። ቀድሞ ሁሉም ተሰብስበው ወደ መጠለያ ይወሰዱ ነበር። በኋላ ግን የደን መሥሪያ ቤቱና አብረውት የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች ሌላ መንገድ ያዙ፦ ደቦሎቹን መርምረው፣ ሲመሽ በተገኙበት ቦታ በሳጥን ውስጥ ያስቀምጧቸዋል፤ ሰዎቹ ርቀው በካሜራ ይከታተላሉ። እናት በሌሊት መጥታ እያነሳች የወሰደቻቸው ብዙ ናቸው። የሰው ሽታ ከነካው እናቱ ትተወዋለች የሚለው ወሬ በዚህ ሥራ በተደጋጋሚ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ሰው ለሁለት ዓመት ደክሞ ለደቦል ሊያስተምረው የማይችለውን ነገር እናቱ ያለ ድካም ታስተምረዋለች።

የጊዜው ጉዳይ ግን ያሳስበኛል። ደቦሉ ከተወሰደ ስንት ጊዜ ሆነው?

ጫካ ዳር፦

እኔ ጉዳዩን ከመስማቴ በፊት ወር ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። በዚያ ጎሬ አካባቢ ከዚያ ወዲህ ዱካ የታየ እንደሆነ እረኞቹን እጠይቃለሁ።

ዱካ ፈላጊ፦

ወር ከሆነው የእናቲቱ ወተት ደርቆ ይሆናል፤ ምናልባትም አካባቢውን ለቃለች። አሁን ሳጥን ወስዶ ማስቀመጥ ደቦሉን ለጅብ መስጠት ሊሆን ስለሚችል አልመክርም። ይህን በዝርዝር የጻፍኩት ግን ለሚቀጥለው እንዲሆን ነው፤ በደን ዳር ወረዳ የሚሠራ ሰው ይህ ጉዳይ መልሶ ሊገጥመው ይችላል። ነብር በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ይወልዳል፤ ስለዚህ የዚህ ደቦል ወንድም ወይም እኅት በአካባቢው መኖሩም የሚታሰብ ነው።

የደህራዱኑ ተማሪ፦

ህንድ አገር በደን ሳይንስ ትምህርት ላይ ስለሆንኩ ከዚሁ የሰማሁትንና ያነበብኩትን ላካፍል። ተሞክሮ ያውቃል ወይ ለሚለው መልሱ አዎን ነው፤ ተሳክቶም ያውቃል። አርጃን ሲንግ የተባለው የቀድሞ አዳኝ በኋላ አደኑን ትቶ፣ በኔፓል ድንበር አቅራቢያ ከዱድዋ ደን ጋር በሚዋሰነው እርሻው ላይ ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፕሪንስ የተባለ ወንድ የነብር ደቦል አሳድጎ ወደ ደኑ መልሷል። በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ ረድተውት ሃሪየትና ጁሊየት የተባሉ ሁለት ሴት ደቦሎችን ተቀብሏል።

አሠራሩ በአጥር ውስጥ አቆይቶ አንድ ቀን በር ከፍቶ መልቀቅ አልነበረም። ደቦሉን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወደ ደኑ ይዞት እየወጣ አብሮት ይንሸራሸር ነበር፤ ደቦሉ ዛፍ እንዲወጣ፣ ዱካ እንዲያሸት፣ ትናንሽ እንስሳትን እንዲያሳድድ ጊዜ ይሰጠዋል። ነብሩ እያደገ ሲሄድ ከቤት የሚርቅበት ጊዜ እየረዘመ መጣ፤ በመጨረሻም አልተመለሰም። ሃሪየት ደግሞ ከዱር ወንድ ተገናኝታ በደኑ ውስጥ ወልዳለች። የክረምቱ ጎርፍ ጎሬዋን ሊያጥለቀልቀው ሲል ደቦሎቿን በአፏ ይዛ ወደ አርጃን ሲንግ ቤት አምጥታ ማድቤት ውስጥ እንዳሳደረቻቸው፣ ውኃው ሲጎድልም ወደ ደኑ እንደመለሰቻቸው በሰፊው የሚነገር ታሪክ ነው። ለዚህና ለሌላው የጥበቃ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2004 የጌቲ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሽልማት ተሰጥቶታል። ስለዚህ የገበሬውን ሐሳብ ፈጽሞ የማይሆን ነው ማለት ይከብዳል።

ዱካ ፈላጊ፦

ታሪኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወንድሜ፣ ያመጡት ምሳሌ ለሁለታችንም የሚመሰክር ነው። ሃሪየት በጭንቋ ቀን ወዴት ሮጠች? ወደ ሰው ቤት። ያ ቤት የአርጃን ሲንግ ስለነበር በሩ ተከፈተላት። ሌላ ማድቤት ቢሆን ኖሮ የሚጠብቃት ገጀራ ነበር። ጁሊየት በመርዝ መሞቷንም አብረን እንጥቀስ። ሰውየው የራሱ መሬት ያለው፣ ትዳርም ሆነ ሌላ ጉዳይ ያላሰረው፣ ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ የሰጠ ሰው ነበር፤ እንዲህም ሆኖ ጎረቤቶቹ ከሥራው ጋር ተስማምተው አልኖሩም። በዚያው ዘመን ከእንግሊዝ መካነ እንስሳት አስመጥቶ የለቀቃት ታራ የተባለች የቤንጋል ነብር ደግሞ የሳይቤሪያ ነብር ደም የተቀላቀለባት መሆኗ በኋላ በዘር ምርመራ በመታየቱ፣ የዱድዋን ነብሮች ዘር በክላለች የሚል ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። (ታራ ባለሸንተረሯ ነብር ናት፤ እኛ የምንነጋገርበት ባለነጠብጣቡ ነው። አማርኛችን ሁለቱንም ነብር ስለሚል እንዳይምታታ ብዬ ነው።)

በቅርባችን ኬንያም ጆይ አዳምሰን ኤልሳ የተባለችውን አንበሳ አሳድጋ ለቅቃ ነበር። ኤልሳ እ.ኤ.አ. በጥር 1961 በመዥገር በሚተላለፍ በሽታ ስትሞት፣ በዱር የወለደቻቸው ሦስት ልጆቿ የአካባቢውን ሰው ከብት ማጥቃት በመጀመራቸው ተይዘው ወደ ሴሬንጌቲ መወሰድ ግድ ሆኗል። አባታቸው የዱር አንበሳ ነው፤ የተወለዱትም ዱር ውስጥ ነው፤ ችግሩ ግን ከእናት ወደ ልጅ ተላልፏል። ጆይ አዳምሰን በመጨረሻ ዘመኗ እዚያው ኬንያ ሻባ በተባለ ጥብቅ ሥፍራ ፔኒ የተባለች ነብር አሳድጋለች፤ ፔኒም በዱር ወልዳለች። ሁሉም የሚያሳዩን አደን ማወቅና መውለድ ያን ያህል አስቸጋሪ አለመሆናቸውን ነው። አደን በደሙ ያለ ነው ያለው የመንደሩ ሰው በዚህ ልክ ነው። ሰውን መፍራት ግን በደም ብቻ አይመጣም፤ ደቦሉ ከእናቱ የሚማረው ነገር ነው፤ ሰው እጅ ላይ ካደገም በኋላ መልሶ የሚያስተምረው የለም።

የሐረና አባት፦

እኔ የባሌ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን የኖርኩት ከሐረና ጫካ ግርጌ ስለሆነ ከነብር ጋር ጎረቤት ነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሰው ሲያስፈራራ "ነብር አየኝ በል" ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ነብር ስንት ጊዜ አይቶን እኛ ሳናየው ዞር ብሎ ሄዷል። ጉሬዛ፣ ዱኩላ፣ ሽኮኮ፣ ከርከሮ፣ ጃርት ሳይቀር ይበላል። ፍየል የሚወስደው ሲመቸው ነው፤ ውሻም ይወዳል። ይህንን ሁሉ ችለን የምንኖረው ግን ከሰው ስለሚሸሽ ነው። ጭስ ሲሸተው ይርቃል፣ የሰው ድምፅ ሲሰማ መንገድ ይቀይራል።

ልጆቼ፣ በምድጃ ዳር ያደገ ነብር ጭስ ሲሸተው ምን ያስባል? እራት ደረሰ ይላል። ሕፃን ሲሮጥ ቢያይ የጨዋታ ጓደኛው ይመስለዋል፤ አንድ ዓመት ሲሞላው ደግሞ የጨዋታው ንክሻ የሚገድል ነው። ገበሬው ወደ ደኑ የሚለቀው እኮ ወደ ሌላ ሰው ደጃፍ ነው። ደጉ ገበሬ ያሳደገውን ጎረቤቱ ይገድለዋል፤ ጎረቤቱም አይፈረድበትም። ካሣ የሚከፍል መንግሥት ባለበት አገር ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ እኛ ዘንድ ለተበላ ፍየል የሚከፍለኝ ማንም የለም።

ዱካ ፈላጊ፦

አባታችን የተናገሩትን በቁጥር የሚደግፍ ጥናት አለ። እዚያው ማሃራሽትራ ውስጥ በጁናር ደን ክፍል፣ ነብሮች በመንደር አቅራቢያ እየተያዙ ራቅ ወዳለ ደን ይለቀቁ ነበር። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህ አሠራር በስፋት ሲካሄድ፣ በሰው ላይ የሚደርሰው ጥቃት ቀድሞ በዓመት በአማካይ 4 ከነበረበት ወደ 17 አሻቀበ። ተመራማሪዋ ቪዲያ አትሬያና ባልደረቦቿ ይህን ሲመረምሩ፣ የመያዙና በማያውቁት አገር የመልቀቁ ሥራ ራሱ ጥቃቱን ሳያባብስ እንዳልቀረ ደምድመዋል። እነዚያ እንግዲህ ሰው አሳድጓቸው የማያውቁ፣ ማደኑን የተካኑ የዱር ነብሮች ናቸው። ማንኛውም ደን ባዶ ቤት አይደለም፤ ቦታው የተያዘ ነው፤ አዲስ የመጣው ወጣት ነብር በነባሩ ወንድ ተባርሮ የሚገፋው ወደ እርሻው ዳር ነው። የሞተር ሳይክል ድምፅና የሰው ሳል ለሚያውቅ ነብር ደግሞ እርሻው ዳር ቤቱ ነው።

የኩባን ምሩቅ፦

ውይይቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተከታትያለሁ። በሶቪየት ዘመን ለትምህርት ሄጄ በደቡብ ሩሲያ ዓመታት ስላሳለፍኩ የዚያን አካባቢ የዱር እንስሳት ዜና እስከ ዛሬ እከታተላለሁ። በካውካሰስ ተራሮች የሩሲያ ክፍል የፋርስ ነብር በሃያኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቶ ነበር። እሱን ለመመለስ በሶቺ ብሔራዊ ፓርክ የማራቢያ ማዕከል ተቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ከቱርክመኒስታን ወንዶች፣ በ2010 ከኢራን ሴቶች፣ በ2012 ደግሞ ከሊዝበን መካነ እንስሳት ጥንድ ነብሮች መጡ። የመጀመሪያዎቹ ደቦሎች በ2013 ተወለዱ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነብሮች የተለቀቁት በሐምሌ 2016 ነው። ወላጆቹ ሲመጡና ሦስቱ ሲለቀቁ መካከል ያለውን የዓመታት ርቀት ልብ ይሏል።

ለመለቀቅ የታሰበ ደቦል እዚያ የሚያድገው በእናቱ ነው። ሠራተኞች ራሳቸውን አያሳዩትም፤ የሚከታተሉት በካሜራ ነው፤ ምግቡን ሰው እንደሰጠው እንዳያውቅ ይጠነቀቃሉ። ከፍ ሲል ዛፍና ቋጥኝ ወዳለው ሰፊ አጥር ይሸጋገርና በሕይወት ያለ ታዳኝ ይለቀቅለታል፤ እያደባ መያዝና በፍጥነት መግደል መቻሉ ይመዘናል። ከዚያ የሚቀጥለው ፈተና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ ሰው ሲያይ ይሸሻል ወይስ ይጠጋል? ከብትስ ሲያይ? ይህን ያላለፈ አይለቀቅም። የሚለቀቁትም በአንገታቸው ላይ የሳተላይት መከታተያ ታስሮ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዷ ወደ መንደር በመጠጋቷ ተይዛ ወደ ማዕከሉ ተመልሳለች። መከታተያ ባይኖራት ኖሮ ማን ይደርስላት ነበር?

ይህን ያመጣሁት እኛም እንዲህ ያለ ማዕከል እንገንባ ለማለት አይደለም። ነብር ከአገራችን አልጠፋም። ካውካሰስ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው አንድም ስላልቀረው ነው።

የደህራዱኑ ተማሪ፦

የሁላችሁንም አነበብኩ። በጁናርና በሶቺ ጉዳይ የተነሳውን እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ። ካልተለቀቀ ዕድሜ ልኩን በአጥር ውስጥ ሊኖር ነው። ነብር በሰው ጥበቃ ሥር ከሃያ ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ይህ ከሞት ይሻላል ብለን እርግጠኛ ሆነን መናገር እንችላለን ወይ?

የከብት ሐኪሙ፦

ጥያቄው ከባድ ነው፤ አቃልዬ አልመልሰውም። በጠባብ የብረት ሳጥን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚውል ነብር አይቼ አውቃለሁ፤ ያን የመሰለ ኑሮ ለጠላቴ አልመኝም። ነገር ግን ሁሉም አጥር አንድ አይደለም። ሆለታ አካባቢ ባለው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል ከሕገ ወጥ ይዞታ የተያዙ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ቁጥቋጦና ሣር ባለበት ሰፊ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፤ ሊመለስ የሚችለው እንስሳ እንዲመለስ፣ የማይችለው እዚያው እንዲጦር የሚያደርግ ነው። ከፍታ ቦታ ላይ የሚተኛበት መደርደሪያ፣ የሚወጣበት ዛፍ፣ ከሰው ዓይን የሚሸሸግበት ጥሻ ያለው ነብር ቀኑን የሚያሳልፈው በዱር እንዳለው ነብር ተኝቶ ነው። ሐዘኔታዬ እንዳለ ሆኖ፣ በመርዝ ወይም በገጀራ ከመሞት ይህን እመርጥለታለሁ።

ሕጉንም እናስታውስ። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ የተከለከለ ነው፤ የመልቀቅ ውሳኔም የግለሰብ አይደለም። ገበሬው በበጎ ልብ ያደረገው ስለሆነ ራሱ አስረክቦ ቢገኝ ለእሱም ይበጀዋል።

ጫካ ዳር፦

ዛሬ ከቀበሌው ሊቀ መንበርና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ሆነን ገበሬውን አነጋገርነው። የሐረና አባት ስለ ጭሱ የጻፉትን እንዳለ አነበብኩለት፤ ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ ይበልጥ የገባው ያ ነው። ለማስረከብ ተስማምቷል፤ የጠየቀው ነገር ቢኖር ልጆቹ ትምህርት ቤት ባሉበት ሰዓት እንዲወሰድ ብቻ ነው። ከሚመለከተው ክፍልም በስልክ ምላሽ አግኝተናል፤ በቀጣዩ ሳምንት ተሽከርካሪ ይላካል። ዶክተር፣ ጉዞው ረጅም ስለሆነ እንዴት እናዘጋጀው?

የከብት ሐኪሙ፦

ከጠንካራ ጣውላ የተሠራ፣ ዞሮ መተኛት የሚችልበት፣ ግን ወዲያ ወዲህ የማይላተምበት ሳጥን ይዘጋጅ። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ከጎን ይኑረው፤ ፊት ለፊቱ በጨርቅ ይሸፈን፤ ጨለማ ያረጋጋዋል። የሽቦ ወንፊት አትጠቀሙ፤ ጥርሱንና ጥፍሩን ይሰብርበታል። ከጉዞው በፊት ከሳጥኑ ጋር እንዲለማመድ ምግቡን ለጥቂት ቀናት እዚያው ውስጥ ስጡት። በጉዞው ዕለት ማለዳ ሆዱን አትሙሉት፤ ውኃ ግን አይከልከል። የማደንዘዣ መድኃኒት ያለ ባለሙያ እንዳይሰጠው፤ ደቦል ሲደነዝዝ የሰውነቱ ሙቀት በቀላሉ ይወርዳል። መጀመሪያ የተገኘበትን ቦታ፣ ቀኑንና እስካሁን የተመገበውን በጽሑፍ ከእሱ ጋር ላኩ፤ የተገኘበት ቦታ ካልተመዘገበ ወደፊት የሚነሳ ውሳኔ ሁሉ በግምት ይሆናል።

ዱካ ፈላጊ፦

ጎሬውንም እንዳትረሱት። እረኞቹ ለጥቂት ወራት ወደዚያ ገደል እንዳይወርዱ ሽማግሌዎቹ ይንገሯቸው፤ ዱካ ካዩም ሳይከተሉ ለእርስዎ ይንገሩ። መርዙ የተቀመጠበትን ቦታ ፈልጋችሁ የተረፈውን ሥጋ ቅበሩት፤ ጥንብ አንሳውንና የመንደሩንም ውሻ ይጨርሳል።

የሐረና አባት፦

መርዙን የሚያስቆመው ግን በረቱ ነው። የእሾህ አጥር ለጅብ እንጂ ለነብር አይሆንም፤ ዘሎ ይገባል። እኛ ዘንድ የፍየል በረቱን ከላይም በወፍራም አጣና ረብርበን መክደን ከጀመርን ወዲህ በሌሊት የሚወሰደው ቀንሷል። ባሕር ዛፍ ባለበት አገር ወጪው ጉልበት ብቻ ነው። ለገበሬው የመጀመሪያውን በረት ወረዳው ቢሠራለት፣ ጎረቤቶቹ አይተው የራሳቸውን ይሠራሉ።

ጫካ ዳር፦

አጣናው ከወረዳው ችግኝ ጣቢያ ሊገኝ ይችላል፤ ሰኞ ጥያቄ አቀርባለሁ። የበረቱን ቁመትና የአጣናውን ርቀት ቢጽፉልኝ አባቴ፣ ለአናጢው እሰጠዋለሁ።

የሐረና አባት፦

ቁመቱ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ይሁን፤ ከፍ ካለ ክዳኑ ይላላል። በአጣናና በአጣና መካከል የሰው ጡጫ የማያስገባ ይሁን። በሩን አትዘንጉ፤ በእኛ መንደር ነብር የገባው ሁልጊዜ በበሩ ነው።